በብሪታንያ የጎዳና ሥራ የደኅንነት ካርድን ጊዜው ሳያልፍ ማሳደስ

በለንደንም ሆነ በሌሎች የብሪታንያ ከተሞች የውሃ፣ የጋዝ፣ የመብራትና የኢንተርኔት መስመር ለመዘርጋት መንገድ ከሚቆፍሩት ሠራተኞች መካከል የአገራችን ልጆችም ይገኙበታል። ይህ ጽሑፍ የጎዳና ሥራ ካርዳቸው፣ ማለትም መንገድ ለመቆፈርና መልሶ ለመጠገን ያላቸውን ብቃት የሚያሳየውና በየአምስት ዓመቱ የሚታደሰው ካርድ፣ ጊዜውን ሊሞላ ለተቃረበ ሠራተኞችና ሱፐርቫይዘሮች የተዘጋጀ ነው። ስለ ሌሎች የኮንስትራክሽን ካርዶች አይደለም፤ በግንባታ ቦታ የሚጠየቀው የሲ.ኤስ.ሲ.ኤስ ካርድ የታደሰ ቢሆንም ጎዳና ለመቆፈር የሚያስፈልገውን ብቃት አይተካም።

ነገሩ ከሕጉ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአዲስ መንገዶችና የጎዳና ሥራዎች ሕግ በ67ኛው አንቀጹ ሁለት ግዴታዎችን ያስቀምጣል፤ ለስኮትላንድም በ126ኛው አንቀጽ ተመሳሳይ ድንጋጌ አለ። የመጀመሪያው፣ ሥራው ብቃቱ በተረጋገጠ ሱፐርቫይዘር ክትትል ሥር እንዲሆን ነው። ሁለተኛው፣ ሥራው እየተካሄደ ባለበት ሰዓት ሁሉ ቢያንስ አንድ ብቁ ሠራተኛ በቦታው ላይ እንዲገኝ ነው። «ባለበት ሰዓት ሁሉ» የሚለው ሐረግ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ካርድ ያለው አንዱ ሰው አሸዋ ለማምጣት መኪና ይዞ ከሄደና የቀሩት ካርዳቸው ጊዜው ያለፈበት ከሆነ፣ እሱ እስኪመለስ ድረስ አካፋው መቆም አለበት።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። አንድ ማለዳ በመኖሪያ ሰፈር የኢንተርኔት ቱቦ ለመቅበር ስንቆፍር ጉድጓዱ ከጉልበታችን ደርሶ ነበር። ተቆጣጣሪ መጥቶ ካርዴን አገላብጦ ካየ በኋላ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳርፎ ዝም ብሎ አሳየኝ። ከመሬት በታች ያሉ መስመሮችን ፈልጎ የማግኘትና ጉዳት ሳያደርሱ የመሥራት ብቃቴ ጊዜው ከ11 ቀን በፊት አልፎበታል። እኔ የማስታውሰው የምልክትና የአጥር ሥራውን ቀን ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ገና ብዙ ወራት ይቀሩት ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ካርዱን አውጥቶ እያንዳንዱን ብቃት ከነማብቂያ ቀኑ መመልከት ነው። ብቃቶቹ በአንድ ቀን የተገኙ ካልሆኑ በአንድ ቀን አያበቁም። መስመር ፈልጎ ማግኘት፣ ምልክት መብራትና አጥር፣ ቁፋሮ፣ ከዚያም አፈሩን መልሶ ከመሙላት እስከ አስፋልት፣ ኮንክሪትና የተነጠፈ ድንጋይ ድረስ ያለው የመልሶ ጥገና ሥራ በየራሱ ይቆጠራል። ሠራተኛም ሱፐርቫይዘርም ሆነው የሚሠሩ ከሆነ ሁለቱንም ዝርዝሮች ይመልከቱ፤ የአንዱ መታደስ ሌላውን አያድስም። በጣም ቀድሞ የሚያበቃውን ቀን ይዘው ስድስት ወር ወደኋላ ይቁጠሩና ያን ቀን በስልክዎ ላይ ያስመዝግቡ። ስድስት ወር የእኔ ልማድ እንጂ የሕግ ቁጥር አይደለም፤ ነገር ግን ፈተና ለመያዝ፣ ቢወድቁ ለመድገምና አዲሱ ካርድ እስኪደርስ ለመጠበቅ ይበቃል።

ቀጥሎ እውቅና ያለው የምዘና ማዕከል መፈለግ ነው። ማዕከሉ እንደ ሲቲ ኤንድ ጊልድስ ወይም ካብዊ ባለ የምስክር ወረቀት ሰጪ ድርጅት የተፈቀደለት መሆኑን፣ እንዲሁም ውጤትዎ ወደ ብሔራዊው የጎዳና ሥራ ብቃት መዝገብ እንደሚተላለፍ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በግልጽ ይጠይቁ። በመዝገቡ ላይ ያልሰፈረ ብቃት በጎዳና ላይ ዋጋ የለውም። አሠሪዎ ክፍያውን ይሸፍን እንደሆነም ቀድመው ይጠይቁ፤ ብዙዎቻችን ሳንጠይቅ ከኪሳችን ከፍለናል።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚገጥም አንድ ችግር አለ፤ ስም ነው። የመጀመሪያውን ካርድ ስናወጣ የአባታችንን ስም እንደ ቤተሰብ ስም እናስመዘግባለን፤ ዜግነት ስናገኝ ደግሞ በፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም በዚያ ቦታ ይገባል። «ገብረ» እና «ወልደ» አንድ ጊዜ ተለይተው፣ ሌላ ጊዜ ተጣብቀው በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ። አዲሱ ውጤት ከአሮጌው መዝገብ ጋር ካልተገናኘ የአንድ ሰው ብቃት በሁለት ስም ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ለእድሳቱ ሲመዘገቡ የድሮውን ካርድና አሁን የሚጠቀሙበትን መታወቂያ ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነት ካለ ለማዕከሉ በጽሑፍ ያሳውቁ።

የእድሳቱ ፈተና በዋናነት ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች የሚቀርቡበት የዕውቀት ምዘና ነው። ሥራውን በእጁ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው በዚህ ፈተና ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ምክንያቱም አምስት ዓመት ሙሉ በልማድ የሠራውን ነገር «ለምን» ብሎ ጠይቆት አያውቅም። ለምሳሌ «ካት» የምንለውን የኬብል መፈለጊያ እንውሰድ። «ፓወር» በሚለው የአሠራር ምርጫ ላይ አድርገን መሬቱን ብንዳብሰው የሚያሰማን ኃይል የሚተላለፍበትን ኬብል ነው። የመንገድ መብራት ኬብል ቀን ላይ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ዝም ሊል ይችላል፤ ዝም አለ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ወደ ኬብሉ ምልክት የሚልከውን «ጄኒ» የምንለውን መሣሪያ ከካት ጋር አብረን የምንጠቀመው ለዚህ ነው። የፕላስቲክ የጋዝ ወይም የውሃ ቱቦ ደግሞ ብረት ስለሌለው ለካት አይታይም፤ ስለዚህ ካርታውን ማንበብ፣ የቫልቭ ክዳኖችን በዓይን መፈለግና የሙከራ ጉድጓድ በእጅ መቆፈር አይቀርም። ይህን ምክንያት የተረዳ ሰው ጥያቄው በየትኛውም አነጋገር ቢመጣ አይሳሳትም።

ለምልክትና አጥር ክፍል ሁላችንም «ሬድ ቡክ» የምንለውን የደኅንነት መመሪያ የ2013 እትም ይዞ ማንበብ ያስፈልጋል፤ በእንግሊዝ ከጥቅምት 1 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስገዳጅ ሆኗል። ቁጥሮቹን በቃል ይያዙ። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 40 ማይል ወይም ከዚያ በታች በሆነ መንገድ፣ በሥራው ቦታና በሚያልፈው መኪና መካከል የሚተወው የጎን ክፍተት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ነው፤ 50 ማይልና ከዚያ በላይ ሲሆን 1.2 ሜትር ይሆናል። ለእግረኛ የሚተወው መተላለፊያ 1.5 ሜትር እንዲሆን ይፈለጋል፤ ቦታ ሲጠብ እንኳ ከ1 ሜትር መውረድ የለበትም። በእግረኛ አጥር ላይ ያለው የታችኛው ሰሌዳ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ከ200 ሚሊሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። አንዲት ዓይነ ስውር ሴት በነጭ ዱላዋ ሰሌዳውን ጠቅ ጠቅ እያደረገች፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ መታጠፊያውን ፈልጋ ጉድጓዳችንን በሰላም ስታልፍ ከቆምኩበት አይቻለሁ። ሰሌዳው ከፍ ብሎ ቢሆን ዱላው ከሥሩ ይሾልክ ነበር፤ እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ 200 የሚለውን ቁጥር አልረሳሁትም።

ሱፐርቫይዘሮች ከዚህ በተጨማሪ የመንገድ ጉድጓዶችን መልሶ የመጠገን መመሪያ አራተኛውን እትም ማወቅ አለባቸው። በእንግሊዝ የተጠገነው ቦታ ዋስትና ሁለት ዓመት፣ ከ1.5 ሜትር በላይ ጥልቀት ላለው ደግሞ ሦስት ዓመት መሆኑን፣ እያንዳንዱ የአፈር ንብርብር ለምን በተወሰነ ውፍረት እንደሚጠቀጠቅ ማስረዳት መቻል አለባቸው።

ለፈተናው ሲዘጋጁ ትምህርቱን በአማርኛ ተወያይቶ መረዳት ይጠቅማል፤ የእንግሊዝኛ ስያሜዎቹን ግን በመጽሐፉ እንደተጻፉት ያጥኑ፤ ፈተናው የሚጠቀመው በእነሱ ነው። «የግድ»፣ «ቢቻል» እና «ከ… በስተቀር» የሚል ትርጉም ባላቸው ቃላት ላይ ቆም ይበሉ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ በእነዚህ ይለያያል። የንባብ ችግር ካለብዎት በምዝገባው ቀን ይናገሩ እንጂ ለፈተናው ቀን አያቆዩት።

የአንድ ብቃት ጊዜ እድሳቱ ሳይጠናቀቅ ካለፈ፣ በዚያ ሥራ ላይ እንደ ብቁ ሰው መቆጠርዎ ያበቃል፤ ይህን ለአሠሪዎ በዚያው ቀን ይንገሩና ሌላ ባለ ካርድ ሠራተኛ እንዲመደብ ያድርጉ። አዲሱ ካርድ ሲደርስዎ ከፖስታው እንዳወጡት ስሙን፣ ፎቶውን፣ የእያንዳንዱን ብቃት ዝርዝርና ቀን ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ፤ የጎደለ ካለ ለማዕከሉ ወዲያውኑ ያመልክቱ። ከዚያ ሁለቱንም ገጽ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ቅጂውን ለአሠሪዎ ይላኩ፤ ዋናው ካርድ ግን ከሥራ ልብስዎ ኪስ አይለይ።