ከሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሚወሰድ የኪስ ደብተር ልማድ

ራሱን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ከሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ (1452–1519 እ.ኤ.አ.) ታዋቂ ሥዕሎች ይልቅ ማስታወሻ ደብተሮቹን ቢመለከት የበለጠ ይጠቀማል። ዛሬ ድረስ ተርፎ የሚገኘው ማስታወሻ በሺዎች የሚቆጠር ገጽ ሲሆን፣ በውስጡ ከንድፍና ከስሌት ጎን ለጎን፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚልቀው፣ የጥያቄዎች ዝርዝር አለ። በአንድ ቦታ የግንደ ቆርቁርን ምላስ እንዲገልጽ ራሱን ያዝዛል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ በፍላንደርስ (በዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ) ሰዎች በበረዶ ላይ እንዴት እንደሚሄዱ አንድ የሚያውቀውን ሰው ሊጠይቅ ያስባል። በላቲን የሚሰጠውን መደበኛ ትምህርት ያላገኘ በመሆኑ፣ የማያውቀውን ነገር ከባለሙያው ሄዶ መጠየቅ ልማዱ ነበር።

ባሕር ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህን መሞከር ከአንድ ደብተርና እስክሪብቶ በላይ ወጪ የለውም። አመሻሽ ላይ በጣና ዳር ስትንሸራሸሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፤ ለምሳሌ የደንገል ታንኳ ከቀዘፋ በኋላ ለምን ፀሐይ ላይ ተገትሮ እንደሚቆም። መልሱን ስልክ ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት ታንኳ ሠሪውን «ጋሼ፣ ይህ ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና የነገራችሁን በራሱ አነጋገር መዝግቡ። ሊዮናርዶ የውሃን እንቅስቃሴ ደጋግሞ ይሥል ስለነበር፣ እናንተም ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ውሃው ድንጋይ አልፎ የሚሠራውን ሽክርክሪት ለመንደፍ ሞክሩ፤ ሥዕሉ ባያምርም ለመሣል ሲባል ትኩር ብሎ ማየቱ ራሱ ብዙ ያስተምራል። ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፍ የነበረውን ግን መኮረጅ አያስፈልግም። ሳምንቱ ሲያልቅ መልስ ያላገኙትን ጥያቄዎች ወደ አዲስ ገጽ አዛውሯቸው።