ቁልፉ ማን ዘንድ ይደር? ወረዳና እድር አብረው የወጣቶች ፕሮግራም የሚጀምሩበት መንገድ

አራዳ ውስጥ በማውቀው አንድ ሰፈር የወጣቶች ማዕከል አለ። ሁለት ክፍል፣ መረቡ የተበጠሰ የጠረጴዛ ቴኒስና ግድግዳ ላይ የደበዘዘ ፖስተር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆች መጥተው በሩን ይገፉታል፤ አይከፈትም። ጥበቃው «ቁልፉ ኃላፊው ዘንድ ነው» ይላሉ። ኃላፊው የሚገቡት ሰኞ ነው። እዚያው ቅያስ ውስጥ የእድሩ መጋዘን አለ፤ የፕላስቲክ ወንበሩ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ለቅሶ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ብዙ ሰው «በጀት የለም» ብሎ ይጀምራል። እኔ እንዳየሁት ከገንዘብ በፊት የማይገጥመው ሰዓት ነው፤ የመንግሥት ቢሮ 11፡30 ላይ ይዘጋል፣ ተማሪው ከትምህርትና ከቤት ሥራ ተላቅቆ የሚወጣው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። ወረዳው ቤትና ማኅተም አለው፤ እድሩ ሰውና ወንበር አለው። ሁለቱን ማገናኘት የሚቻለው በሚከተለው ቅደም ተከተል ነው።

1. ከእድሩ ጀምሩ

ወረዳ ከመሄዳችሁ በፊት እድሩ ይወስን። «እኛ የሰፈሩ ነዋሪዎች» የሚል ማኅተም የሌለው ወረቀት መዝገብ ቤት ገብቶ እዚያው ይቀራል። ሰብሳቢውንና ጸሐፊውን ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ በወርሃዊው ስብሰባ አጀንዳ አስይዙ፣ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይስፈር። መተዳደሪያ ደንቡንም አንብቡት። የአንዳንዱ እድር ዓላማ ቀብርና ማስተዛዘን ብቻ ነው፤ ሌላው ልማትን ጨምሯል። ካልጨመረ ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤ መታየት አለበት።

አባላቱ የሚፈሩት የቀብሩ ገንዘብ ይነካል ብለው ነው። ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ገንዘብ አትጠይቁ። ወንበር ጠይቁ፣ ድንኳን ጠይቁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለት ሦስት ጡረታ የወጡ አስተማሪዎችን ጠይቁ። አንዲት እናት ተነስተው «ወንበሩን ቢሰብሩት ማን ይከፍላል?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱን ይዛችሁ ግቡ።

የመሃል ከተማ ሰው የሚገጥመው ሌላም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ተነስቶ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። የእድሩ መዝገብ ላይ ያለው ስምና ሰፈሩ ውስጥ የሚያድረው ሰው አንድ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ ለእድሩ መዋጮ እየከፈለ የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው። መዝገቡን ይዛችሁ «ይህን ያህል ወጣት አለን» ብላችሁ አትጻፉ።

2. ወጣቶቹን ቁጠሩ፣ ጠይቁ

ስብሰባ አትጥሩ። ስብሰባ ከጠራችሁ የሚመጡት ሁልጊዜ ስብሰባ የሚመጡት ናቸው። ለሁለት ሳምንት ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ልጆቹ የሚቆሙበት ቦታ ሂዱ፤ ከረምቡላ ቤቱ በር፣ ኳስ ሜዳው ጥግ፣ የቪዲዮ ጨዋታ ቤቱ ደጃፍ። ምን ትፈልጋለህ ብላችሁ አትጀምሩ፤ ልጁ እናንተ ልትሰሙ የምትፈልጉትን ይነግራችኋል። «ትናንት በዚህ ሰዓት የት ነበርክ?» በሉት።

የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ወረቀት ላይ አንድ ዓምድ ይሞላል። ሰፈር ውስጥ ግን የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ሒሳብ የሚያስረዳት ትፈልጋለች፤ የሃያ ሰባት ዓመቱ የሥራ ማመልከቻ የሚጽፍበት ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ሁለቱን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት ማስቀመጥ ሁለቱንም ማባረር ነው። በአንድ ጊዜ ለአንደኛው ብቻ ጀምሩ።

ሴቶቹን ለብቻ ጠይቁ። እኛ እንዲህ ያለ ፕሮግራም በሰፈራችን ስንጀምር መጀመሪያ ምሽት 12 ሰዓት ላይ አደረግነው። ወንዶቹ ወንበሩን ሞሉት፤ የመጣችው ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፣ እሷም ወንድሟን ተከትላ። ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም ተባለ። አንድ ቀን ቡና ላይ እናቶቻቸውን ብንጠይቅ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ ሰዓት ልጅቷ እራት ትሠራለች፣ ቅያሱም ጨለማ ነው። ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ ብናዞረው መጡ።

3. ወደ ወረዳው ሂዱ

ሽማግሌዎቻችን ዛሬም «ቀበሌ ልሂድ» ነው የሚሉት፤ በሩ ላይ ግን ወረዳ ይላል። ሁለት የተለያዩ አካላት እንዳሉ እወቁ፤ የወጣቶችን ሥራ የሚያስፈጽመው ጽሕፈት ቤትና ነዋሪው የሚመርጠው የወረዳው ምክር ቤት። ደብዳቤው ለጽሕፈት ቤቱ ይጻፍ፣ ግልባጩ ለምክር ቤቱ ይድረስ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የምትፈልጉትን ክፍል፣ ቀንና ሰዓት ይናገር፣ ቃለ ጉባኤውም ይያያዝ። መዝገብ ቤት ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩን ጻፉ። ኃላፊ ይቀየራል፤ አዲሱ ሰው ጉዳያችሁን የሚያገኘው በቁጥሩ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። ወረዳው የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ሳያጸድቅ፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ብትደርሱ ጥያቄያችሁ ዕቅዱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ነሐሴ ላይ ብትሄዱ «ለከርሞ» ትባላላችሁ።

4. የመግባቢያ ሰነዱ

ወረዳውና እድሩ የሚፈራረሙት ሰነድ ነው። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ስለ ትውልድ ግንባታ የሚያወራው መግቢያ ይቅር። መጻፍ ያለበት ይህ ነው፤ ቁልፉ ስንት ቅጂ አለው፣ ማን ዘንድ ያድራል፣ ማን ፈርሞ ይወስዳል፣ ያ ሰው ቢታመም ማን ይተካዋል። እኛ ሁለት ቅጂ አድርገን አንዱን ለጥበቃው፣ አንዱን ለእድሩ ጸሐፊ ሰጠን፤ በሩ ጀርባ በሲባጎ የታሰረ ደብተር ላይ የከፈቱበትና የዘጉበት ሰዓት ይጻፋል። መብራቱን የሚከፍለው፣ ክፍሉን የሚጠርገው፣ የተሰበረውን የሚተካው ማን እንደሆነ ይስፈር። ወረዳው ክፍሉን ለስብሰባ ሲፈልገው ከስንት ቀን በፊት ያሳውቃል? ይህችን ያልጻፈ ሰው አንድ ቅዳሜ ልጆቹን በር ላይ ያገኛቸዋል።

ከልጆች ጋር የሚሠራ አዋቂ በእድሩ አባል ዋስትና ይግባ፤ ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ይገኙ፣ በሩም ክፍት ይሁን። በዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ገንዘብ ከመጣ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሂሳብ አይግባ። በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የእድር ሂሳብ ካለ በዚያ ይግባ፤ እድሩ አሠራሩን ያውቀዋል።

5. ስምንት ሳምንት ሞክሩ

ሐምሌና ነሐሴ ተማሪው ነፃ ነው፤ የአራት ኪሎና የስድስት ኪሎ ተማሪዎችም ለማስጠናት ፈቃደኛ ሆነው ይገኛሉ። ክረምቱ ግን ዝናብ አለበት፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከ9 ሰዓት በኋላ ማንም ማንንም አይሰማም። ጥናቱን ጠዋት፣ ጨዋታውን ከሰዓት አድርጉት። ስም የሚመዘገብበት ደብተር ይኑር፤ በስምንተኛው ሳምንት ደብተሩን ገልብጣችሁ ለወረዳውም ለእድሩም እኩል አቅርቡ፣ የቀሩትን ልጆች ጭምር።

አንድ ነገር ሰነዱ ውስጥ ሳይገባ እንዳይቀር፦ ፕሮግራም ባለበት ቀን ለቅሶ ቢደርስ ወንበሩ ወደ ድንኳኑ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ይህ የተጻፈው «የዕለቱ ጥናት ይቋረጣል፤ ወንበሩን ልጆቹ ይሸከማሉ፣ ሲመለስም ቆጥረው ይረከባሉ» ተብሎ ነው። እኛ ዘንድ ስለተሰበረ ወንበር የጠየቁት እናት ሰነዱን የፈረሙት ይህ ከተጨመረ በኋላ ነበር።