የጉበት ታማሚ ነገር ሲምታታበት፦ የጭንቅላት ኤምአርአይ መቼ፣ ለምን?

አባዬ አንድ ቀን ጠዋት የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ ቆልፎ ወጣ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ዋለና ሌሊቱን ሳሎን ውስጥ ሲንጎራደድ አደረ። እኛ «እርጅና ነው» አልን። ሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበቱ በጠባሳ መሞላቱን፣ እያወቅን!

ጉበትና ጭንቅላት ምን አገናኛቸው? አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያ ያመርታሉ። ጤነኛ ጉበት ያጣራዋል፤ በጠባሳ የተሞላው ግን ስለሚያቅተው አሞኒያው ከደም ጋር አንጎል ይደርስና ነገር ያምታታል። ሐኪሞች ሄፓቲክ ኢንሴፋሎፓቲ ይሉታል።

ለኤምአርአይ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ቤት ውስጥ ይቺን ሞክሩ። ሰዓት ያዙና «በአንድ ደቂቃ የምታውቀውን እንስሳ ሁሉ ጥራልኝ» በሉት። አባዬ በግ፣ ፍየል፣ ላም፣ አህያ አለና ቆመ። ጣራውን አየት አድርጎ እንደገና «ላም» አለ። ደቂቃው ሲያልቅ ሰባት። ከብት ሲያግድ ያደገ ሰው እኮ ነው! ከ10 በታች ከሆነ ያጠራጥራል፣ ከ10 እስከ 15 መሃል ቤት ነው፣ ከዚያ በላይ ደህና ነው፤ ብዙ ያልተማረ ወይም በጣም የገፋ ሰው ከሆነ ግን በቁጥሩ ብቻ አትፍረዱ። የተደጋገመ አይቆጠርም። ከዚያ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ መዳፉን ልክ «ቁም!» እንደሚል ትራፊክ ፖሊስ ቀና ያድርግ። እጁ እንደ ወፍ ክንፍ እርግብ እርግብ ካለ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

አሁን ወደ ፊልሙ። ሲቲ ስካን ይህን በሽታ አያሳይም። ታዲያ ለምን ያዛሉ? የጉበት ታማሚ ፕላትሌቱ (ደም የሚያቆሙት ሕዋሳት) ዝቅ ስለሚልና ደሙም ቶሎ ስለማይረጋ፣ ወድቆ ጭንቅላቱን ቢመታ ውስጥ ለውስጥ ሊደማ ይችላል፤ ምልክቱም ያው ግራ መጋባት ነው። ከወደቀ፣ ድንገት ከጀመረው፣ ወይም በአንድ ጎኑ ከደከመ በዚያው ቀን ሲቲ ይነሳ። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

የኤምአርአይ ሪፖርት ላይ «በቲ ዋን ግሎበስ ፓሊደስ ነጥቷል» የሚል ካያችሁ (ቲ ዋን አንዱ የኤምአርአይ አነሳስ ነው፣ ግሎበስ ፓሊደስ ደግሞ አንጎል ውስጥ ጠለቅ ብላ ያለች ቦታ ናት) አትደንግጡ። ዕጢ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን ነው፤ ጉበት በሐሞት በኩል ማስወጣት ሲያቅተው እዚያች ቦታ፣ በግራም በቀኝም፣ ይጠራቀማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ንጣቱ በጨመረ ቁጥር በሽታው ባሰ ማለት አይደለም። አእምሮው ንቁ የሆነ የሲሮሲስ ታማሚ ላይም ይታያል። ጉበት ከተቀየረ በኋላ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። በኤምአርአይ ማሽኑ የአንጎልን ኬሚካሎች የሚለካ ስፔክትሮስኮፒ የሚባልም አለ፣ ግሉታሚን የሚባለው መጨመሩን ማዮ ኢኖሲቶል የሚባለው መቀነሱን ያሳያል፣ ግን በአብዛኛው የተመራማሪዎች ነገር ነው። እኔ ለሱ ብዬ ብር አላወጣም።

ኤምአርአይ ስትሄዱ የልብ ማስተካከያ ወይም ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ብረት ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ። የሚወጋ ቀለም ካለ የኩላሊት ውጤት ያዙ። ከሁሉም በላይ፣ ማሽኑ ጠባብና ጫጫታ ስለሆነ «ማረጋጊያ እንስጠው» ካሏችሁ ጉበቱን አስታውሱና ሐኪሙን ጠይቁ። ለአባዬ አንድ ቦታ ዲያዜፓም ሰጡት፣ ሁለት ቀን ሙሉ መቀስቀስ አቃተን።

ቀጠሮው ቢርቅ ደግሞ ሕክምናው ፊልም አይጠብቅም። ሐኪሙ ላክቱሎስ (ሰገራ የሚያለሰልስ ሽሮፕ) ካዘዘ በቀን ሁለት ሦስቴ ለስለስ ያለ ሰገራ እስኪወጣው ነው የሚስተካከለው፤ ውሃ ውሃ ካለ በዝቷል። የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽንና የሆድ ውስጥ መድማት ዋና ቀስቃሾች ናቸው። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ሥጋና እንቁላልም በራሳችሁ አትከልክሉት፣ ጡንቻውም አሞኒያ ያጣራል።

አባዬን መድኃኒቱን በጀመረ በአራተኛው ቀን እንስሳ አስጠራሁት። 14። ከርከሮን ሁለቴ ጠርቶ 15 ነው ብሎ ተከራከረኝ።