ለቤት ውስጥ ልምምድ የሚሆን ኤሌክትሪክ ደብል ቤዝ አመራረጥ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ተጫዋች፣ ጎረቤት ከተኛ በኋላ ደብል ቤዝ (ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን ባለ ክር መሣሪያ) መለማመድ የሚቻለው የድምፅ ሣጥን በሌለው በኤሌክትሪኩ ዓይነት ነው። የሚገዛው ለመድረክ ሳይሆን ለልምምድ ከሆነ ግን፣ ከድምፁ ማማር በፊት እጅን ምን እንደሚያስለምድ መመርመር ይገባል።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ሲሄዱ ሜትር ይያዙ። በአንገቱ ጫፍ ካለው የክር ማረፊያ እስከ ብርኩማው (በአካሉ ላይ ክሮቹን ከፍ አድርጎ እስከሚይዘው ክፍል) ድረስ ያለው የክር ርዝመት፣ በተለመደው ባለ 3/4 መጠን ደብል ቤዝ ከ104 እስከ 106 ሴንቲሜትር ሲሆን በቤዝ ጊታር 86 ገደማ ነው። ከክፍት ክር ተነሥቶ የመጀመሪያውን ግማሽ ድምፅ ለማግኘት በደብል ቤዝ 6 ሴንቲሜትር ያህል፣ በቤዝ ጊታር ግን ከ5 ያነሰ ይወረዳል። እኔ ለመሸከም ይቀለኛል ብዬ የክሩ ርዝመት አጭር የሆነውን ኤሌክትሪክ ቤዝ ገዝቼ ለወራት ከተለማመድሁ በኋላ ወደ እንጨቱ ቤዝ ስመለስ፣ ግራ እጄ የሚይዘው ድምፅ ሁሉ ከቅኝቱ ዝቅ እያለ አስቸግሮኛል።

ቀጥሎ አውራ ጣትዎን በአንገቱ ጀርባ እያንሸራተቱ ይውረዱ። በእንጨቱ ደብል ቤዝ ላይ አውራ ጣት አንገቱና አካሉ የሚጋጠሙበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ በዚያን ጊዜ አመልካች ጣት በጂ ክር (ከሁሉ በቀጭኑ) ላይ እንደ መሣሪያው አሠራር ዲ ወይም ኢ ፍላት በሚባለው ድምፅ ላይ ያርፋል። ተጫዋቹ ሳያይ ቦታውን የሚያውቀው በዚህ ስለሆነ፣ መጋጠሚያውን የማያስታውስ ልሙጥ አንገት ያለውን መሣሪያ፣ ዋጋው ቢረክስም፣ አልመክርም።

በደጋን የሚጫወቱ ከሆነ የራስዎን ደጋን ይዘው ይሂዱና መካከለኞቹን ክሮች አንድ በአንድ ይሞክሩ። ብርኩማው ጠፍጣፋ ከሆነ ደጋኑ አጠገብ ያለውን ክር ሳይነካ አያልፍም። ፒካፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ማግኔት ከሆነ ደግሞ ብረት የሌለበትን የአንጀት ወይም የናይለን ክር አይሰማም።

ፒዬዞ ፒካፕ (በማግኔት ሳይሆን በግፊት ንዝረቱን የሚያነብ) ያለው መሣሪያ ወደ ተገኘው የማጉያ ማስገቢያ ሁሉ ቢሰካ ወፍራም ድምፁ ሊሳሳ ይችላል፤ የማስገቢያው ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ምልክቱ የሚያሳየው ተቃውሞ) 1 ሜጋኦም ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አብሮት ከተሠራና በባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋም ልምምዱ አይቋረጥም። ከሁሉ ወፍራሙ የኢ ክር ድምፁ እስከ 41 ኸርዝ ገደማ ስለሚወርድ ከስልክ ጋር የሚመጣው ትንሽ ማዳመጫ አይበቃውም፤ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከድን ይግዙ።

የመሣሪያው እግር በባዶ ወለል ላይ ከቆመ ንዝረቱ ወደ ታችኛው ቤት ሊዘልቅ ይችላልና ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ።