ነርሲንግ በኦንላይን ለምታስተምሩ፦ ካሜራውን ወደ እጃችሁ አዙሩት

ነርሲንግ በኦንላይን ማስተማር ለጀመራችሁ መምህራን አንዲት ነገር ልጠቁም። ተማሪው የእናንተን ፊት ማየቱ ብዙም አይጠቅመውም፤ እጃችሁን ይይ። ስልኩን ከጠረጴዛው በላይ ካለ መደርደሪያ ጫፍ ላይ አስራችሁ ቁልቁል እንዲቀርጽ አድርጉት። የስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ጓንት አጠላለቅ ስታሳዩ ደግሞ በትከሻችሁ በኩል ይቀረጽ፤ ከፊት ለፊት ከሆነ ግራና ቀኙ ይገለበጥባቸዋል።

ቪዲዮው ከ3 ደቂቃ አይብለጥ። ጥራቱን ቀነስ አድርጋችሁ በቴሌግራም ቀድማችሁ ላኩት፤ ዳታ ውድ ነው፣ ኔትወርኩንም ታውቁታላችሁ። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ስለሚቆረጥ የቀጥታውን ሰዓት በገለጻ አትጨርሱት፣ ለስሌት አውሉት።

ለምሳሌ 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ፤ ሴቱ (ፈሳሹ የሚንጠባጠብበት ቱቦ) በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነው። በደቂቃ ስንት ጠብታ? «ገባችሁ?» ብትሉ «አዎ ቲቸር» ይላሉ፣ በቃ። ይልቅስ እያንዳንዱ በወረቀት ሠርቶ ፎቶውን ለእናንተ ብቻ በውስጥ መስመር ይላክ። 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 (8 ሰዓት በደቂቃ) ሲካፈል 42 ገደማ ይመጣል። 2500 ብሎ የላከ ካለ ለ8 አካፍሏል፣ ሰዓቱን ወደ ደቂቃ አልቀየረም ማለት ነው። ማንም በድፍረት የማይጠይቀው ይህ ነው። ስም ሳትጠሩ ያንኑ ስሌት ለሁሉም ሥሩላቸው።

ካኑላ (በደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባትን ግን በቪዲዮ አትፈትኑ፤ እሱ የስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ሥራ ነው።