ቆጣሪያችሁን ጠይቁት

ባሕር ዳር ላይ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ድፍርስ ነው። ወደ ሮቶ አታስገቡት። ጥርት እስኪል በግቢው ቧንቧ ልቀቁት፤ ለአትክልት ይሆናል።

ዋናው ግን ቆጣሪው ነው። ማታ ሮቶው ከሞላ በኋላ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉና ቁጥሩን መዝግቡ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ደግማችሁ አንብቡ። ከጨመረ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ሲፎን ጠርጥሩ፤ ድምፅ ሳያሰማ ሌሊቱን ሙሉ ያፈሳል። የሲፎኑ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትንሽ የቀይ ሥር ጭማቂ ጨምሩና ሳትለቁ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ውሃውን የሚዘጋው ጎሚኒ አልቋል። እባካችሁ ዛሬውኑ አስቀይሩት።

የሊጥ እጣቢና የወጥ ቅባት ማጠቢያው ውስጥ አትድፉ። ክረምቱ ሳይገባም የአሸንዳውን ቅጠል ጥረጉ።