ማሩ አረፋ ካወጣ እርጥበት በዝቶበታል

ክረምቱ ወጥቶ አዲሱ ማር ደሴና ወልዲያ ገበያ ሲገባ ብዙ ሰው በጀሪካን ይገዛል። እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱት።

ማር በባሕርዩ ቶሎ አይበላሽም። ስኳሩ ብዙ፣ ውሃው ጥቂት ስለሆነ ሻጋታም እርሾም አያድግበትም። የውሃው መጠን ከ20 በመቶ ሲያልፍ ግን ውስጡ ተኝቶ የቆየው እርሾ ይነሳል። ላዩ ላይ ደቃቅ አረፋ ይሠራል፣ ሽታው ወደ ጠጅ ይሄዳል፣ ሲቀምሱት ይኮመጥጣል። እንዲህ ያለውን ለጠጅ ካልሆነ በቀር አትግዙት።

መርጋት ሌላ ጉዳይ ነው። የላስታ ነጭ ማር ሲረጋ "ስኳር ተጨምሮበታል" ብለው የሚመልሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከረጋው በላይ ለሚንሳፈፈው ቀጭን ፈሳሽ ነው። ውሃው የሚበዛው እዚያ ስለሆነ ቀድሞ የሚቦካውም እሱ ነው።

ቤት ካስገባችሁት በኋላ እርጥብ ማንኪያ አታስገቡበት። ማር ከአየርም እርጥበት ይስባል፤ በተለይ ጉም በማይለቀው የደጋ ክረምት ክዳኑን ግጥም አድርጉ፣ ከምድጃ እንፋሎትም አርቁት።

ቀፎ ያላችሁ ደግሞ አፉ በሰም ያልተከደነ እንጀራ አትቁረጡ። ንቦቹ ውሃውን ገና አድርቀው አልጨረሱም። ሳታዩ ከቆረጣችሁት ለብቻው አስቀምጡትና ቶሎ ተጠቀሙበት፤ ከተከደነው ጋር ከተቀላቀለ ሙሉውን ጋን ያቦካዋል።